ፊቴም ደጄም ይታይ

ቡታጅራ ውስጥ ሸረፋን የማያውቅ የለም። የማን ሠርግ፣ የማን ምርቃት፣ የማን መታወቂያ በእሱ እጅ አላለፈም? ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ባለችው ጠባብ ፎቶ ቤቱ ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት ሰው ሲያነሳ ኖሯል። «ቀና በል፣ ትከሻህን ልቀቅ፣ አትሳቅ፣ እሺ ትንሽ ሳቅ» ሲል የሚውል ሰው ነበር። ወንድሜ ነው፣ ታናሼ። አባታችን ሲሞት እሱ አራት ዓመቱ፣ እኔ ሃያ ሁለት። አሳደግኩት ብል ውሸት አይሆንብኝም። ያሳደገ ሰው ደግሞ ሁሉን እኔ አውቃለሁ ይላል። እኔም እላለሁ። የማወራችሁ ስለ እሱ ነው፤ ግን ራሴን ሳልነካ ስለ እሱ ማውራት አልችልም፤ ነገሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝና።

እኔ ሰይዶ እባላለሁ፣ የቤት ዕቃ ነጋዴ ነኝ። ድስት፣ ቴርሞስ፣ ባልዲ፣ ብርድ ልብስ፣ ምኑ ቅጡ። በየሁለት ሳምንቱ መርካቶ ወርጄ ጭኜ እመለሳለሁ። ሱቄ ውስጥ ከመደርደሪያው በላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። ቀይ ቀለም ነው፣ ራሴ ነኝ ያጻፍኩት። ደንበኛ መጥቶ ሲነታረክ ጣቴን ወደ ላይ ቀስሬ ዝም ነው። ምን ያህል ሰው እንደዚያ አድርጌ መለስኩ መሰላችሁ!

እናታችን ሀሊሜ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ከከተማው ወጣ ብላ ገጠር ነበር የምትኖረው። በባጃጅ ትሄዱና የመጨረሻዋን ግማሽ ሰዓት በእግር ነው። አባታችን የሠራው ትልቅ የሣር ቤት ነበራት። ምሶሶው ሁለት ሰው ተቃቅፎ የማይደርስበት፣ ጣሪያው በጭስ ብዛት ጠቁሮ የሚያብለጨልጭ። እሷ ምሶሶው ሥር፣ የእንሰት ጅባ ምንጣፏ ላይ ትቀመጣለች። ከዚያ ሆና በበሩ ስታይ ጀፎረው ይታያታል፤ ጀፎረ የምንለው በቤቶች መሐል የሚያልፈውን ሰፊ የሣር መንገድ ነው። ከጀፎረው ዳር ዋንዛ አለ፣ ከዋንዛው ሥር ደግሞ የአባታችን መቃብር። ጠዋት ሰግዳ ስትጨርስ ፊቷን ወደ በሩ መልሳ ሰላም ትለው ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ።

በ2007 ያ ቤት ይፍረስ ያልኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ የሁሉም ሰው ነገር ብሎኬት ነበር። ከተማ ገብቶ የቀናው ልጅ ሁሉ ለአረፋ አገሩ ሲገባ የእናቱን ሣር ቤት አንስቶ ባለ ቆርቆሮ ቤት ያቆማል፤ ያላቆመ ይታማል። እኔ ደግሞ ሐሜት አልወድም። ጣሪያው እያፈሰሰ ነው አልኩ። ውሸት ነው፣ አንድ ጥግ ብቻ ነበር። የአዲሱ ቤት በር ወደ ገበያ መሄጃው መንገድ ይዙር ያልኩትም እኔው ነኝ፣ የሚያልፍ እንዲያየው።

እናታችን ነገሩን ስነግራት በበሩ ወደ ዋንዛው አየች። ከዚያ «እሺ አፍርሱ» አለች። «ግን ከማፍረሳችሁ በፊት ሸረፋ ከነቤቴ ያንሳኝ። እዚሁ ተቀምጬ። ፊቴም ደጄም ይታይ።»

ይኸው ነው የጠየቀችን። አምስት ልጅ ወልዳ ያሳደገች ሴት በዕድሜዋ ሙሉ ከእኛ የጠየቀችው ይህን አንድ ነገር ነው።

የፊቷ ፎቶ ደግሞ አልነበረንም። ሠርግ ላይ ሁሉ ካሜራ ሲመጣ ሻሽዋን ትጎትታለች። የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ባለችው ፎቶ ማህተሙ ግማሽ ፊቷን በልቶባታል። ሸረፋ የሰው ሁሉ እናት አንስቶ የገዛ እናቱን ግን አላነሳም፤ ይህ ሲያንገበግበው የኖረ ነገር ነው። ይህን ስትጠይቀው የሠርግ ሰው መሰለ። በማግሥቱ የድሮውን ትልቁን ካሜራ ተሸክሞ ሄደ፣ እኔም አብሬው።

አልሆነም። ቤቱ ውስጥ ጨለማ፣ ደጅ ፀሐይ። ፊቷ እንዲታይ ሲያደርግ በሩ ነጭ አንሶላ ይሆናል፤ ጀፎረ የለ፣ ዋንዛ የለ። ደጁን ሲያስተካክል እሷ ጥቁር ጥላ ትሆናለች። በፍላሽ ሞከረ፤ ዓይኗ ያማት ስለነበር ብልጭ ባለ ቁጥር ጭፍን። ካሜራው ጀርባ ላይ አሳያት። አየችና ሳቀች።

«እኔ ስኖር አባታችሁ የለም፣ አባታችሁ ሲኖር እኔ የለሁም» አለች።

ሸረፋ አልሳቀም። እኔ ግን ስቄያለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ሌላ ሰው ሆነ። ሥራውን እየዘጋ ኢንተርኔት ቤት መዋል። የዚያን ጊዜ የቡታጅራ ኢንተርኔት እንደምታውቁት ነው፣ አንድ ገጽ እስኪከፈት ሰው ምሳውን በልቶ ይመለሳል። እሱ ግን ተቀምጦ በደብተር ይጽፋል። ሱቄ መጥቶ ደብተሩን ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ ያስረዳኛል። መፍትሔ አለው አለኝ። አንዱን ነገር ደጋግመህ ታነሳለህ፤ አንዱን ለደጁ ብርሃን፣ አንዱን ለግድግዳው፣ አንዱን ለፊቷ። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ አንድ ላይ ታዋህዳቸዋለህ። ሁሉም ይታያል፣ አለ። ነገር ግን በድሮው ካሜራ እያንዳንዱን በእጅህ እያስተካከልክ ስትል ሰውየው ይንቀሳቀሳል። አሁን ሚረርለስ የሚባል የመጣ አለ፣ ውስጡ መስታወት የሌለው፣ ትንሽ፣ ቀላል። አንዴ ስትጫነው ራሱ እያቀያየረ ተከታትሎ ያነሳዋል።

«ታዲያ ግዛዋ!» አልኩት።

«ምርጫው ነው ጋሼ» አለኝ። ጋሼ ነው የሚለኝ። ሁለት ወር ሙሉ ምርጫው ነው አለ። ሌላው ሚስቱን እንኳ ይህን ያህል አይመርጥም! በመጨረሻ ሁለት ላይ ደረሰ። አንደኛው ሶስት ብቻ ነው የሚያነሳው፤ ግን ቶሎ ነው፣ ጠጠጥ፣ አለቀ። ጨለማም ይችላል። ሁለተኛው አምስት ያነሳል፤ ግን ዝግ ያለ ነው፣ ጨለማ ላይ ደግሞ ይዘገያል። ሁለተኛው ለሕንፃ ነው፣ ለሆቴል ክፍል፣ ለማይንቀሳቀስ ነገር፣ አለኝ። ለእማ ሶስቱ ነው።

ለእማ ሶስቱ የሆነበትን ምክንያት ሁላችንም እናውቃለን። ከአምስት ዓመት ወዲህ ራሷ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዝም ብላ ስትቀመጥ እንኳ ልክ «አይ፣ አይ» እንደሚል ሰው ራሷ ቀስ እያለ ይወዛወዛል። እጇም እንደዚያው።

የካሜራውን ስም በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። አብሬህ መርካቶ ልውረድ ብሎ ለመነኝ። እኔ ምን አልኩት? «አንተ ዕቃውን ስታየው ፊትህ ይፈካል፣ ፊትህ ሲፈካ ዋጋው ይወጣል። መርካቶን ለእኔ ተዋት።» እውነቴን ነው፣ የወደደ ሰው መግዛት አይችልም። ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት ዘዴ ነው። የምገዛውን ዕቃ ወድጄ አላውቅም።

ሱቁ ውስጥ ሻጩ ሁለቱንም መስታወቱ ላይ አስቀመጠልኝ። የሸረፋ ወረቀት በእጄ ነው፣ አንብቤዋለሁ፣ ምንም የሚያሻማ የለውም። ሻጩ «ይኼ ሶስት ብቻ ነው፣ አባባ፤ ይኼኛው አምስት» አለኝ። በሁለት እጄ መዘንኳቸው። አምስቱ ከበድ ይላል። ዋጋቸው እኩል። በሉ እንግዲህ ፍረዱ፣ ዕድሜ ልኩን ጅምላ ሲገዛ የኖረ ሰው በአንድ ዋጋ ሶስትና አምስት ቢቀርብለት ምን ያደርጋል? ለሸረፋ ደወልኩ፣ አልያዘም። አንድ ጊዜ ነው የደወልኩት። ሁለተኛ ብደውል ይያዝ ነበር። «እሱ ፎቶ እንጂ ንግድ ምን ያውቃል፣ ሳያስበው የተሻለ ይዤለት እገባለሁ» አልኩና አምስቱን አስጠቀለልኩ። በመንገዱ ሁሉ ደስ እያለኝ ነው የመጣሁ፣ ወላሂ።

ቤቴ ጠርቼ ሰጠሁት። ባለቤቴ ሳሌሃም አለች። ሣጥኑን ከፈተ፣ ካሜራውን አገላብጦ አየው።

«ሶስቱ የለም አሉህ እንዴ ጋሼ?»

«ኧረ አለ! በዚያው ዋጋ አምስት አመጣሁልህ እኮ!»

ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ፈገግ አለ። «አላህ ይስጥልኝ፣ ጋሼ። ጥሩ ነው» አለና ሣጥኑን አቅፎ ሄደ። ሳሌሃ በሩ እስኪዘጋ ጠብቃ «ልጁን ከፍቶታል» አለችኝ። «ዝም በይ፣ ደስታ ነው ያፈዘዘው» አልኳት። በኋላ እሷው ናት የነገረችኝ፤ በማግሥቱ እኔን ሳያሰማ መርካቶ ድረስ ሄዶ ቀይሩልኝ ብሎ ለምኗል። አይመለስም አሉት። ሻጩም እንደኔ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ ይሆናል።

አረፋ በመስከረም ዋለ፣ 2008 ገና መግባቱ ነበር። ሁላችንም ገባን፣ ታረደ፣ ተበላ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሸረፋ ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያ ተከለና ካሜራውን ሰካበት። እናታችን ታጥባ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ጅባዋ ላይ ተቀመጠች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻሽዋን ከፊቷ ገፋ አደረገች። በበሩ ጀፎረው አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፣ ዋንዛውም ቁጭ ብሏል። ሰማዩ እንደዚያ ቀን ጠርቶ አያውቅም።

ሸረፋ ተጫነው። ጫ... ጫ... ጫ... ጫ... ጫ። መጨረሻ ላይ ያሉት እንደ ሰነፍ ሠራተኛ ይጎተታሉ። ሳልፈልግ ሰከንዱን ቆጠርኩ፤ አራት ድረስ ቆጥሬ ነው ያለቀው። አየው፣ ራሱን ነቀነቀ። «እማ፣ ትንሽ ብቻ ሳትነቃነቂ» አላት።

«እሺ ልጄ፣ እሺ፣ ቆይ» አለች። ትንፋሿን ያዘች። እጆቿን ከጉልበቷ በታች አስገብታ ተቀመጠችባቸው። ራሷ ግን እሷን አይሰማም። ጫ... ጫ... ጫ። እንደገና። ምሶሶውን ተደገፊ አልናት። እንደገና። እኔ ተነስቼ «ራሷን ልያዝላት» ስል ሸረፋ በዕድሜው ሙሉ አውጥቶት በማያውቀው ድምፅ «አይያዝም!» አለኝ። አሥራ አንድ ጊዜ ሞከርን። ፊቷ የሚታይባቸው ላይ ትንቀጠቀጣለች፣ ያልተንቀጠቀጠችባቸው ላይ ጨለማ ናት። ሲዋሐድማ ጭስ ሆነች።

ደከማት። ላብ ግንባሯ ላይ ይታያል። ያን ጊዜ ያለችውን እስክሞት አልረሳም።

«ይቅር በለኝ ልጄ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁብህ። ያን ያህል የደከምክበትን» አለችው። ለሸረፋ ነው ያለችው። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። እንደ ጥፋተኛ ልጅ አንገቷን ደፋች።

ሸረፋ ከካሜራው ላይ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። ምንም አላለም፤ እንዴት ይበል? በእናቱ ፊት፣ በወንድሞቹ ፊት፣ ያሳደገውን ታላቁን ያዋርድ? እኛ ዘንድ ያ አይደረግም። የሚናገር እኔ ነበርኩ። «እማ፣ አንቺ አይደለሽም፣ እኔ ነኝ የተሳሳተ ካሜራ የገዛሁት» ማለት ነው፤ ይህን ለማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይበቃ ነበር? ጣሪያውን ማየት ጀመርኩ። የቱ ጋ እንደሚያፈስ የማይ መሰልኩ።

ውጭ ወጥተን ሸረፋ ያዘኝ። «ጋሼ፣ ሁለት ሳምንት ስጠኝ። ወልቂጤ ያቺ ሶስቷ ካሜራ ያለችው ሰው አለ፣ እዋሳለሁ። ቤቱን ሁለት ሳምንት ብቻ አቆየው።» እኔ ግን ለአናጺዎቹ ሰኞ ብያለሁ። ቃሌን አላጥፍም፣ ነጋዴ ነኝ። ደግሞም እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሁለት ሳምንት ብሰጠው የጠየቀበትን ምክንያት ሁሉም ሰው ይጠይቃል። «አይሆንም፣ ሰው ጠርቻለሁ» አልኩት።

ሰኞ ፈረሰ። ያን የሚያህል ቤት፣ ለምሳ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ጥቀርሻው ጀፎረውን ሞላው። እናታችን ጎረቤት በር ላይ ተቀምጣ አየች፤ ሰዎቹ ምሶሶውን ሲጥሉት ብቻ ፊቷን አዞረች።

አዲሱ ቤት በጥር አለቀ። ቆንጆ ቤት ነው፣ ሲሚንቶ ነው፣ መስኮቱ ብረት። እሷ ግን የት እንደምትቀመጥ ጠፋባት። ዋንዛው በጓሮ ቀረ። ጠዋት ሰግዳ ስታበቃ በግምት ወደ ግድግዳው ዞራ ሰላም ስትል ሳሌሃ አይታታለች፤ ስትነግረኝ ተቆጣኋት።

አንድ እሑድ ሸረፋ የተዋሳትን ካሜራ ይዞ መጣ። ትንሽ ናት፣ መዳፍ ትሞላለች። ጎረቤቶች ቤቱን ሊመርቁልን መጥተው ሞልተዋል። «እማ፣ ደጁ ቢቀር እንኳ ፊትሽን» አላት። በጓሮ በኩል አውጥቶ ዋንዛው አጠገብ ሊያስቀምጣት አስቦ ነበር። እሷ ሻሽዋን በሁለት እጇ ፊቷ ላይ ጎተተችው።

«ተወኝ ልጄ፣ እኔ ፎቶ አበላሻለሁ። ዕቃህን አላበላሽብህም።»

«ኧረ አንቺ አይደለሽም እማ!» አለ።

«ታዲያ ማን ነው?» አለች። ከልቧ ነው የጠየቀችው። በሻሽዋ ውስጥ ሆና መልሱን ጠበቀች። ሸረፋ የካሜራውን ክዳን ገጠመ። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ፣ ሰው ሁሉ ቤቴን እያደነቀልኝ፣ ሻይ በእጄ ይዤ። ምላሴ ተሳሰረ ልበላችሁ? አልተሳሰረም። መናገር እችል ነበር። ሰው አለ ብዬ ነው የተውኩት፤ ሲሄዱ እነግራታለሁ ብዬ። ሲሄዱ ደግሞ ነገ አልኩ። ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር ነገ እያልኩ ቆየሁ።

ለረመዳን አልደረሰችም። ሸረፋ ከመቃብሯ ሲመለስ እንኳ ከእኔ ጋር እኩል አልሄደም፤ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሆኖ ነው የተከተለኝ። ለቅሶ ቤት ሰው «የእማማ ሀሊሜን ፎቶ አሳዩን» ሲል የምናሳየው አጣን። የፎቶግራፈር እናት!

ሸረፋ ፎቶ ቤቱን ዘጋ። አሁን እዚያችው ቤት ውስጥ ፎቶ ኮፒ ያነሳል፣ ወረቀት ይጠርዛል። ሰው ሠርግ ሊያስነሳው ሲመጣ «ትቻለሁ» ይላል። አምስቱን ካሜራ በሣጥኑ እንዳለ ወደ እኔ ላከው፣ ያለምንም ቃል። ሱቄ ውስጥ መደርደሪያው ላይ አለ፣ ልክ ከጽሑፉ በታች። አንድ ቀን፣ ለብቻችን ስንሆን፣ «ተናገረኝ፣ ስደበኝ፣ አንተ ነህ በለኝ» አልኩት። ለመንኩት። አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፣ አንተ ታላቄ ነህ» አለኝ።

ያንን የአሥራ አንደኛውን ፎቶ ትልቅ አሳጥቤ አዲሱ ቤት ሰቅዬዋለሁ። ጉድ የሚያሰኝ ፎቶ ነው። ምሶሶው አለ፣ የጠቆረው ጣሪያ እያንዳንዱ እንጨት ይቆጠራል፣ ጀፎረው አረንጓዴ፣ ዋንዛው ቅጠሉ ሳይቀር፣ መቃብሩ ላይ ያለው ድንጋይ ሁሉ። ጅባው ላይ ብቻ ጭስ የመሰለ ነገር ተቀምጧል።

እንግዳ ሲመጣ ሁሌ ያንኑ ይጠይቃል፣ እዚህ ጋ ያለው ምንድን ነው ይላል። ባለፈው አረፋም አንዱ ጠየቀኝ፣ ሸረፋም በሩ ሥር ተቀምጧል። ዛሬ እናገራለሁ ብዬ ነበር፣ ወላሂ ብዬ ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው ግን የሁልጊዜው ነው።

«እናታችን ናት» አልኩ፣ «ተንቀሳቅሳ ነው።»

ሸረፋ ተነሳና ጫማውን አድርጎ ወጣ።